ቢሾፍቱ፦ ሐይቆቹ፣ ምግቡ፣ ኢሬቻና ዝቋላ (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ለአንድ ቀንም ሆነ ለቅዳሜና እሁድ ወደ ቢሾፍቱ ለሚወጡ፣ ከቀላሉ ጥያቄ ተነስተን ወደ ከባዱ እንሄዳለን።

ከአዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል? በምንስ ልሂድ?

ከመሃል ከተማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄድ ሰው ቃሊቲ መናኸሪያ ገብቶ ሚኒባስ ወይም ቅጥቅጥ አውቶቡስ ይይዛል። ረዳቶቹ አንዳንዴ «ቢሾፍቱ»፣ አንዳንዴ «ደብረ ዘይት» እያሉ ይጠራሉ፤ ከተማው አንድ ነው፣ አይደናገሩ። መኪናው ሳይሞላ ስለማይነሳ ጠዋት በጊዜ መድረስ ይጠቅማል። የሚያስቸግረው መመለሻው ነው። እሁድ ከ10 ሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው በአንዴ ወደ አዲስ አበባ ስለሚነሳ ሰልፉ ይረዝማል።

የራስዎ መኪና ካለ ሁለት መንገድ አለ። አሮጌው በአቃቂ፣ በገላንና በዱከም ያልፋል፤ ክፍያ የለውም፣ ግን የጭነት መኪና ይበዛበታል። የፍጥነት መንገዱ ከቱሉ ዲምቱ ይጀምራል፤ ሲገቡ የሚሰጥዎትን ካርድ እስከ ቢሾፍቱ መውጫ ይያዙት፣ ክፍያው እንደ ርቀቱ ነው። ከተማው ውስጥ ባጃጅ በየቦታው አለ። ለብቻዎ «ኮንትራት» ከያዙ ዋጋውን ከመሳፈርዎ በፊት ይስማሙ፤ በተለይ ባቦጋያና ኩሪፍቱ ሐይቆች ከዋናው መንገድ ራቅ ስለሚሉ ወርዶ መከራከር ቀንዎን ያበላሻል።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም። ዝናቡ አቁሟል፣ የሐይቆቹ ዙሪያ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩ ጥርት ስለሚል የዝቋላ ተራራ ከሩቅ ይታያል። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የአድአ (የቢሾፍቱ ዙሪያ) ጤፍ የሚታጨድበት ነው፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ ማሳው በሙሉ ወርቃማ ነው። በዚያው ሰሞን መንገድ ዳር በእስር የሚሸጠውን የሽምብራ እሸት ገዝቶ እየፈለፈሉ መብላት የዚህ አገር ደስታ ነው፣ አይለፉት።

ከኅዳር እስከ ጥር ማታ ማታ ይበርዳል፤ ሐይቅ ዳር የሚያመሽ ሰው ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ ይያዝ። መጋቢትና ሚያዝያ ሞቃትና አቧራማ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ ከተማው ውስጥ አይከፋም፣ ከአስፋልት ሲወርዱ ግን መሬቱ ዋልካ ነው፤ ጫማ ላይ እየተደረበ እግር ያስከብዳል፣ መኪናም ይይዛል። ሌላው የሚረሳው ነገር ሠርግ ነው። በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ትልልቆቹ ሪዞርቶች ቅዳሜና እሁድ በሠርግ ይያዛሉ። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ መሄድ ከቻሉ ያው ቦታ በእጥፍ ያምርልዎታል።

ሐይቆቹ ብዙ ናቸው ይባላል። ጊዜ ካጠረኝ የትኛውን ልይ?

አንድ ብቻ ከሆነ ባቦጋያን። ክቡ ቅርጹ፣ ዙሪያው ያለው ዛፍና የውሃው ጸጥታ ሙሉ ሆኖ የሚታየው እዚያ ነው። ሁለተኛ ጊዜ ካለዎት ቢሾፍቱ ሐይቅን ይጨምሩ። መሃል ከተማ ነው፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ቁልቁል የሚያዩት ነው፤ ድሪምላንድ ሆቴልን የመሰሉ ቤቶች በረንዳቸው በቀጥታ ውሃው ላይ ይወጣል። ጥልቀቱ 87 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአካባቢው ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ እሱ ነው። ሆራ የኢሬቻ ሐይቅ ነው፤ ከበዓሉ ውጭ ለመራመድ ይመቻል። ኩሪፍቱ ጥልቀቱ አነስተኛ ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው በሪዞርቱ ነው።

ባቦጋያ፣ ሆራና ቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ቀልጦ የወጣው ዐለት ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ሲገናኝ በፈጠረው ፍንዳታ መሬቱ ተቦደሰ፣ ቦታውን ውሃ ሞላው። ዳርቻቸው ቀጥ ያለ ገደል የሆነውም ለዚህ ነው። ወፍ ለማየት የሚመጣ ሰው ግን ወደ ጨለለቃ ይሂድ። ጨለለቃ ጥልቀት የሌለው፣ በክረምት የሚሞላ በበጋ የሚሸሽ ውሃ ነው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ብርዱን ሸሽተው ከሰሜን የሚመጡ ወፎች ያርፉበታል። ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይሻላል።

ከከተማው ወጣ ብለው አረንጓዴ ሐይቅና ኪሎሌ አሉ። አረንጓዴ ሐይቅ ቀለሙን ያገኘው ጨውና ሶዳ በበዛበት ውሃ ውስጥ ከሚራባ ደቃቅ ዋቅላሚ (አልጌ) ነው። ኪሎሌም አንድ ጊዜ እንደዚያው ነበር፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለመስኖ ተብሎ የሞጆ ወንዝ ሲጠለፍበት ውሃው ጣፍጦ ያ ቀለም ጠፋ። ሁለቱን በአንድ ጉዞ የሚያይ ሰው አንድ ሥራ ሐይቅን እንዴት እንደሚለውጥ በዓይኑ ያያል።

ሪዞርት ሳልገባ ሐይቅ ዳር መቀመጥ እችላለሁ?

ይችላሉ፣ ግን ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። የባቦጋያና የኩሪፍቱ ዳርቻ ብዙው በሆቴልና በግል ግቢ ታጥሯል። ነጻ ሆኖ ለመቀመጥና ለመራመድ የሚቀለው ሆራ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቅ አፋፍም ከአንድ ማኪያቶ ያለፈ ወጪ የለውም።

ትልልቆቹ ቤቶች ለቀን ገብ እንግዳ የመግቢያ ክፍያ ያስከፍላሉ። በአንዳንዱ ቤት ክፍያው ከምግብ ሒሳብ ይቀነሳል፣ በሌላው አይቀነስም፣ በበዓል ቀንም ይጨምራል። በሩ ላይ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ከምግብ ይቀነሳል? ገንዳውን ይጨምራል? ለልጆች ስንት ነው?

ምን ልብላ?

ከእንጀራው ይጀምሩ። አድአ የማኛ ጤፍ አገር ነው፤ «ቁንጮ» የተባለው የጤፍ ዝርያም በ1998 ዓ.ም. የወጣው ከዚሁ ከደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ጥሩ የበያይነቱ ቤት ያገኘ ሰው ረቡዕና ዓርብ ከማንኛውም ቀን የተሻለ ይበላል፦ ሽሮው የሽምብራ ነው፣ ሽምብራውም የቅርብ ነው።

ፍስክ ከሆነ ሥጋ ቤቶቹ ይሻላሉ። ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ይድረሱ፤ ከዚያ በኋላ ጥሩው ብልት ያልቃል። ለሁለት ሰው ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ኪሎ ይበቃል። ማሳያው ድረስ ሄደው ብልቱን ራስዎ ያሳዩ፦ ለጥሬ ሻኛ፣ ጭቅና ወይም ታናሽ፣ ለጥብስ ጎድን ከትንሽ ጮማ ጋር። ዝም ብለው «አንድ ኪሎ» ካሉ የተቀላቀለ ይመዘንልዎታል። ጥሬ ለሚበላ ሰው ሥጋው ላይ የምርመራ ማህተም መኖሩን ማየት ግዴታ ነው፤ ያልተመረመረ ሥጋ የኮሶ መንገድ ነው፣ ሚጥሚጣና አረቄ አይገድሉትም። ልጆችና ነፍሰ ጡሮች ጥብሱን ይብሉ።

አሳው ከዚያው ሐይቅ የወጣ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። ከአካባቢው ሐይቆች ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይጠመዳል፣ ነገር ግን በባቱ (ዝዋይ) በኩል ካሉ ትላልቅ ሐይቆች የሚገባም አለ። ከየትም ይምጣ፣ ትኩስነቱ ነው ዋናው። ሙሉ አሳ ካዘዙ ሳይጠበስ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ዓይኑ ጥርት ያለና ያልሰረጎደ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ከሆነ ትኩስ ነው። ስንጥቡ ቡናማ ሆኖ ከሸተተ ይመልሱት።

ቆሮሶ ሙሉውን ሲጠበስ ምርጥ ነው፦ ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ዘይቱ በደንብ ግሎ፣ አጥንቱ እስኪንኮሻኮሽ። ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ሲቀዘቅዝ ስለሚለሰልስ ወዲያው በሎሚና በዳጣ ይብሉት። ለብለብና ጉላሽ አጥንት ስለሌላቸው ለልጆች ይመቻሉ፤ ሆኖም አሳው ትኩስ አለመሆኑ በቅመም የሚሸፈነው በነዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡ ለምን ከሜኑው ዋጋ በለጠ?

ብዙ ሆቴሎችና ሪዞርቶች ሜኑ ላይ የሚጽፉት ዋጋ የአገልግሎት ክፍያና ተጨማሪ እሴት ታክስ አልገባበትም። 10 በመቶ አገልግሎት ይታከላል፣ በድምሩ ላይ 15 በመቶ ታክስ። ስለዚህ 1,000 ብር ያሉት ምግብ 1,100 ይሆንና መጨረሻ ላይ 1,265 ብር ይወጣል። ሜኑው ግርጌ ላይ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን ያንብቡ። ሥጋ ቤቶችና ትንንሽ ምግብ ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ የተናገሩትን ነው የሚያስከፍሉት።

ልምድ ለሌለው ሰው የሚሆን የእግር መንገድ አለ?

አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆራ ተነስቶ ወደ ባቦጋያ መራመድ ጥሩ ነው። በዝግታ፣ እየቆሙ እያዩ፣ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከሆራ ዳር ይጀምሩ፣ ዛፎቹ ጥላ ይሰጣሉ። ከዚያ ወደ ሰሜን ወደ ባቦጋያ ይሻገሩና በላይኛው መንገድ ሐይቁን በቀኝ ወይም በግራ አድርገው የሚችሉትን ያህል ይዙሩ። በውሃው ዳር ብቻ ሙሉ ዙር ለመዞር አይሞክሩ፤ ግቢዎቹ መንገዱን ይቆርጡታል፣ በአጥር መሹለክም ከዘበኛ ጋር ያጣላል። ለአንድ ሰው አንድ ሊትር ተኩል ውሃ፣ ኮፍያና የማያንሸራትት ጫማ በቂ ነው።

ወደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ውሃ የሚወርደው ቀጭን መንገድ አጭር ቢሆንም ቀላል አይደለም። አፈሩ የሚንሸራተት ጠጠር ስለሆነ መውረዱ ከመውጣቱ ይከብዳል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ይተዉት።

ሐይቆቹ ውስጥ መዋኘት ይቻላል?

አይዋኙ። ችግሩ የዋናተኛው ችሎታ አይደለም፣ የሐይቁ ቅርጽ ነው። ከዳር ሁለት ሦስት እርምጃ ሲገቡ ወገብ የሚደርሰው ውሃ በድንገት እግር የማያርፍበት ይሆናል፤ ባቦጋያ መሃሉ ከ60 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከሪዞርቶቹ ውጭ የሚጠብቅ ነፍስ አድን የለም፣ ዳሩ ላይ የሚጨበጥም ነገር የለም። በየጊዜው ወጣቶች የሚሰጥሙት በዚህ ነው፣ ብዙዎቹም ዋና የሚችሉ ናቸው።

ውሃ ላይ መሆን ለሚፈልግ ጀልባና ካያክ አለ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን ሳያጠብቁ አይሳፈሩ፣ ለልጅ የልጅ ልክ ይጠይቁ። የአዋቂ ጃኬት የለበሰ ልጅ ውሃ ውስጥ ሲገባ በታች ሾልኮ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ጠዋት ይሻላል።

በታኅሣሥ ሄጄ ውሃው ይሸት ነበር፣ የሞተ አሳም አየሁ። ተበክሎ ነው?

ሁልጊዜ ብክለት ማለት አይደለም። እነዚህ ጥልቅ ሐይቆች ዓመቱን ብዙውን ጊዜ ተደራርበው ነው የሚቆዩት፦ ላይኛው ውሃ ሞቃትና ኦክስጅን ያለው፣ ታችኛው ቀዝቃዛና ኦክስጅን አልባ። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ብርዳም ሌሊቶች ላይኛው ውሃ ይቀዘቅዝና ይከብዳል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ከታችኛው ጋር ይቀላቀላል። ያኔ ከታች የተጠራቀመው የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ያለው ጋዝ ይወጣል፣ አሳው ኦክስጅን ያጣል። ሰሞኑን አልፎ ውሃው ይረጋጋል።

ያም ሆኖ ተንሳፎ የተገኘ አሳ ለምግብ አይሆንም። በዚያ ሰሞን በመንገድ ዳር በርካሽ የሚቀርብ አሳ ካዩ አይግዙ።

ኢሬቻ መቼ ነው? ኦሮሞ ያልሆነ ሰው መገኘት ይችላል?

የቢሾፍቱው ኢሬቻ፣ ኢሬቻ ሆራ አርሰዲ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረም ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሳምንት ገደማ እሁድ ቀን ይከበራል፤ በዋዜማው ቅዳሜ አዲስ አበባ ላይ ሆራ ፊንፊኔ ነው። ቀኑን አባ ገዳዎች ያሳውቃሉ። በ2016 መስከረም 27፣ በ2017 መስከረም 26፣ በ2018 መስከረም 25 ቀን ነበር። ስለዚህ «ከመስቀል ቀጥሎ ያለው እሁድ» በሚለው ብቻ ሆቴል አይያዙ፤ በ2016ም በ2017ም በዚያ ስሌት የሄደ ሰው አንድ ሳምንት ይቀድም ነበር።

በዓሉ ዋቃን የማመስገኛ ነው፤ ጨለማውን ክረምት አሻግሮ ወደ ብርሃን ላደረሰ አምላክ ምስጋና ይቀርባል። እንግዳ በደስታ ይቀበላሉ። ሰው ለምለም ሣርና አደይ አበባ ይዞ ወደ ውሃው ይወርዳል፣ ሣሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ በራሱና በአጠገቡ ባለው ሰው ላይ ይረጫል። መንገዱን የሚመሩት አባ ገዳዎችና ሲንቄ (የክብር በትር) የያዙ እናቶች ናቸው፤ እነሱ ሲያልፉ ዳር ይያዙ፣ ሲመርቁ ዝም ብለው ይቆሙ። ነጭ ወይም የባህል ልብስ ይልበሱ። የሽማግሌዎችንና የእናቶችን ፎቶ በቅርብ ለማንሳት መጀመሪያ ያስፈቅዱ፤ «ፎቶ ላንሳ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው።

በኢሬቻ ቀን መንገድ፣ መኝታና ደህንነት እንዴት ነው?

ከተማው ከዓርብ ጀምሮ ይሞላል። መኝታ ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይያዙ፣ ክፍያውንም ያረጋግጡ፤ ያልተከፈለበት ክፍል ለሌላ መሰጠቱ የተለመደ ነው። ወደ ሆራ የሚወስዱት መንገዶች ለተሽከርካሪ ይዘጋሉ፣ ስለዚህ መኪናዎን ከከተማው ዳር አቁመው በእግር ይግቡ። ፍተሻ አለ፤ ስለት፣ ትልቅ ሻንጣና የመስታወት ጠርሙስ አይያዙ። መታወቂያ፣ ውሃና የሚላስ የሚቀመስ ነገር ይበቃል። ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ከሆራ ራቅ አድርጋችሁ ቀድማችሁ ተቀጣጠሩ።

መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. አስለቃሽ ጭስ ከተተኮሰ በኋላ በተፈጠረው መረጋገጥ ብዙ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ሕይወቱን አጥቷል። የዚያ ቀን ሐዘን አሁንም በብዙ ቤት አለ። ለተሳታፊ የሚተርፈው ጥንቃቄ ይህ ነው፦ ከቦይና ከገደል አፍ ራቁ፣ ወደ ውሃው በጠዋት ወርዳችሁ በጊዜ ውጡ፣ ሕፃናትን ወደ ሐይቁ አፋፍ አታስጠጉ፣ ሕዝቡ ሲጠብ በሕዝቡ መሃል ተቃራኒ አትሂዱ፣ በሰያፍ ወደ ዳር ውጡ።

ዝቋላን በአንድ ቀን ወጥቼ መመለስ እችላለሁ?

ይቻላል፣ ጠዋት ከተነሱ። ዝቋላ ከቢሾፍቱ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው 3,000 ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። አናቱ ላይ የእሳተ ገሞራ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። እስከ እግርጌው ወንበር ማርያም በመኪና ይደረሳል፤ ከዚያ በእግር እንደ ጉልበትዎ ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት ያስወጣል። ከቢሾፍቱ በ11 ሰዓት ተኩል ሌሊት ከተነሱ ፀሐዩ ሳይበረታ ግማሹን ይጨርሳሉ። ቁልቁለቱ ጉልበት ይፈትናል፤ ዱላ መያዝ ከማንኛውም ውድ ጫማ ይበልጣል። ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውሃ ይያዙ፣ አናቱ ላይ ነፋሱ ስለሚበርድ ሹራብም ያስፈልጋል። ጥዱና ኮሶው መሃል ጉሬዛ ሲዘል ያያሉ፤ ምግብ አይስጧቸው።

የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንዱ መንገዱ ነው፦ ከዝናብ በኋላ ዋልካው ዝቅተኛ መኪና አያሳልፍም፤ ባለ ሁለት ዲፍረንሻል ያስፈልጋል። ሁለተኛው ጸጥታ ነው፤ ገዳሙ በቅርብ ዓመታት ከባድ ጥቃት ደርሶበታል። ስለዚህ በሄዱበት ሳምንት ስለ መንገዱ ሁኔታ ከቢሾፍቱ ሰዎችና ከገዳሙ ጋር ግንኙነት ካላቸው ምእመናን ሳይጠይቁ አይነሱ፣ ለብቻዎም አይውጡ፣ ከጨለማ በፊት ወንበር ማርያም ይመለሱ። ሐይቁ ለገዳሙ ቅዱስ ስለሆነ እግርም ሆነ ልብስ አይታጠብበትም። ሴቶች ነጠላና ረጅም ቀሚስ ይልበሱ።

ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5፣ ለዝቋላ አቦ የትኛው ይሻላል?

ሁለቱም ትልቅ ክብረ በዓል ናቸው፣ ምእመናን በዋዜማው ወጥተው እዚያው ያድራሉ። ለመልክዓ ምድሩ ጥቅምት ይሻላል፦ ተራራው ለምለም ነው፣ ሜዳው እስከ ሩቅ ይታያል። ጭቃ ግን ሊቀር ይችላል። መጋቢት መንገዱ ደረቅ ነው፣ ነገር ግን መጋቢት 5 ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚውል ስንቅዎ የጾም ይሁን፦ ቆሎ፣ ዳቦ፣ በሶ። የፍስክ ምግብ ይዞ ገዳም መውጣት ነውር ነው። ለማደር ብርድ ልብስና የእጅ ባትሪ ይያዙ፤ መኝታ እንደሚገኝ አድርገው አይቁጠሩ።

ድሮን ማብረርና በየቦታው ፎቶ ማንሳት እችላለሁ?

ሐይቆቹን በስልክና በካሜራ ማንሳት ችግር የለውም። ቢሾፍቱ ግን የአየር ኃይል ከተማ ነው። የአየር ኃይሉን ግቢ፣ አጥሩን፣ በሮቹንና የሚነሱ አውሮፕላኖችን አያንሱ፤ ጥበቃ ከጠየቀዎት ምስሉን አሳይተው ያጥፉ። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም አይቻልም፣ ቢሾፍቱ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሞክሩት። ከውጭ አገር ለእረፍት የሚመጡ ወገኖቻችን ድሮን ይዘው ሲገቡ ኤርፖርት ላይ የሚያዝባቸው ለዚህ ነው፤ እዚያው ያለበት አገር ይተዉት።

ሐይቆቹንና ዝቋላን በአንድ ቅዳሜና እሁድ እንዴት ላጣምር?

ዝቋላን ቅዳሜ ያድርጉት፣ ሐይቆቹን እሁድ። ተቃራኒው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው፦ እሁድ ከተራራ የወረደ ሰው ደክሞ፣ መሽቶበት፣ የአዲስ አበባ መመለሻ ሰልፍ ውስጥ ይገባል። ዓርብ ማታ ቢሾፍቱ ይደሩ፤ ቅዳሜ ሌሊት ተነስተው ከሰዓት በ10 ሰዓት ተመልሰው ይታጠቡ። እሁድ ጠዋት ሆራና ባቦጋያን ይራመዱ፣ በ5 ሰዓት ተኩል ምሳ ይብሉ፣ ከ8 ሰዓት በፊት ሚኒባስ ይያዙ። ልጆች ወይም አረጋውያን ካሉ ዝቋላን ትተው ቅዳሜውን ለአረንጓዴ ሐይቅና ለኪሎሌ ይስጡት፤ ደረቅ ወቅት ከሆነ በመኪና ቅርባቸው ይደረሳል።